ሦስት ሪፈረንስ ተጠየቀ፤ እነማንን ልጻፍ?

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦
ሰላም እህት ወንድሞቼ። ባሕር ዳር ለሒሳብ ሠራተኝነት ላመለክት ነው፤ ማስታወቂያው ሦስት ሪፈረንስ (ስለ ሥራዬ ሲጠየቁ የሚመሰክሩልኝ ሰዎች) ይላል። ልለቅ እንደሆነ የአሁኑ አለቃዬ አያውቅም። አጎቴን ብጽፍስ?

መልስ (ደብረ ማርቆስ)፦
አጎትሽን ተይው እህቴ፤ የዘመድ ቃል አይታመንም። ሥራሽን በዓይኑ ያየ ይቅደም፦ የቀድሞ የቅርብ አለቃሽ፣ አብሮሽ ሒሳብ የዘጋ ባልደረባ፣ ልምድሽ ትንሽ ከሆነ ያስተማረሽ መምህር። ትልቅ ሥልጣን ያለው ግን በቅጡ የማያውቅሽ ሰው «ጥሩ ልጅ ናት» ብሎ ስልኩን ይዘጋል፤ ምን ይጠቅምሻል? የአሁኑን አለቃሽን ካስገባሽ «እባክዎ ሳያሳውቁኝ አይደውሉ» ብለሽ ከስሙ ጎን ጻፊ።

መልስ (ቡሬ)፦
ሳታስፈቅጂ የማንንም ስልክ እንዳትሰጪ። ስታስፈቅጂም ዋስ እንዲሆንሽ እየጠየቅሽው እንዳልሆነ ንገሪው፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው በዚህ ነው። ዋስ ለገንዘብ ጉድለት ይፈርማል፤ ሪፈረንስ የሚያውቀውን ይናገራል እንጂ ዕዳ የለበትም። ከዚያ ሲቪሽንና ማስታወቂያውን በቴሌግራም ላኪለት። እሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2013 ሲል ሲቪሽ በፈረንጆቹ 2021 ካለ፣ ደዋዩ ውሸት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ዘመኑን በሁለቱም ጻፊለት።

መልስ (ሞጣ)፦
የሥራ ልምድ ደብዳቤው ለብቻው ነው፤ ሪፈረንስ አይተካውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሲጠየቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት አለበት። ሳትለቂም መጠየቅ ትችያለሽ።