ለሆስተስነት ወደ ገልፍ ልትሄድ ላሰበችው እህቴ፣ ከስድስት ዓመት በረራ በኋላ

ሰላም ለሁላችሁም። እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ጥያቄ አቅርባ ነበር። አዲስ አበባ ባንክ ነው የምትሠራው። ለአንድ የገልፍ አየር መንገድ አመልክታ ቃለ መጠይቁን አልፋለች። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ትላለች። ብዙ ሰው መለሰላት። ግማሹ «ዕድልሽን እንዳታሳልፊ» አለ፣ ግማሹ «ዐረብ ሀገር ይቅርብሽ» አለ። አንድ ወንድማችን ደግሞ «ያው ሻይ ቡና ማቅረብ ነው» ብሎ አለፈው። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ስድስት ዓመት በርሬያለሁ። አሁን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ፍራንክፈርት አካባቢ እኖራለሁ። የሠራሁበትን ድርጅትም ከተማውንም አልጠራም፤ እዚያ እስካሁን የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። ያየሁትን ግን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እናውራ። ማስታወቂያው ላይ የምታዪው ትልቁ ቁጥር ደሞዝሽ እንዳይመስልሽ። ክፍያው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው የሚመጣው። አንዱ መነሻ ደሞዝ ነው፤ በየወሩ ይገባል። ሌላው የበረራ ሰዓት ክፍያ ነው፤ ከበረርሽ አለ፣ ካልበረርሽ የለም። ኤሚሬትስ የተባለው የዱባዩ አየር መንገድ ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሱ ያወጣውን ማስታወቂያ ልጥቀስልሽ። መነሻው 4,430 ድርሃም፣ የበረራው በሰዓት 63.75 ድርሃም፣ በወር ከ80 እስከ 100 ሰዓት ተበርሮ በአማካይ 10,170 ድርሃም ይላል። አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። የገቢ ግብር የለም። ቤት ይሰጣል፣ ከቤት ኤርፖርት የሚያመላልስ መኪና አለ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ትልቅ ገንዘብ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ልብ በይ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከበረራው ነው።

ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ደግሞ ከቤት ስትወጪ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ደርሶ ሲቆም ያበቃል። ብሪፊንጉ (ከበረራ በፊት ያለው ስብሰባ)፣ የካቢን ፍተሻው፣ ሦስት መቶ ሰው ማሳፈሩ፣ አንድ መንገደኛ ጠፍቶ ሻንጣው እስኪወርድ ቆመሽ የምትጠብቂው ሁሉ ከዚያ ሒሳብ ውጪ ነው። አራት አራት ሰዓት የሚፈጅ ደርሶ መልስ ስትሠሪ የስምንት ሰዓት ይታሰብልሻል። አንቺ ግን ከቤትሽ ወጥተሽ እስክትመለሺ አሥራ ሦስት ሰዓት አልፏል።

ይህ ነገር በደንብ የገባኝ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ስታንድባይ ነበርኩ፤ ማለትም ከጠሩኝ ወዲያው ልወጣ ተጠባባቂ ነኝ። ሌሊት ደወሉልኝ። «አሞኛል» ማለት ፈራሁ። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ታምሜ ቀርቼ ነበር፤ ሦስተኛው ሲጨመር ቢሮ እንደሚያስጠራኝ አውቃለሁ። ዩኒፎርሜን ለብሼ ወጣሁ። ልናርፍ ስንወርድ ግራ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ቷ አለ። በር ላይ ቆሜ መንገደኛ ስሸኝ የሰዎቹ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፃቸው ግን ከውኃ ውስጥ እንደሚመጣ ነው። በማግስቱ ትራሴ ላይ ደም ነበር።

ሐኪሙ 26 ቀን እንዳልበር አገደኝ። የዚያን ወር ደሞዝ ሳየው ከለመድኩት ግማሹ እንኳ አልነበረም። ለእናቴ የምልከውን ላክሁ። የቀረውን ወር ፓስታ በቲማቲም በላሁ። ወደ ሥራ ስመለስ ቢሮ ተጠራሁ። «ዘንድሮ ስንት ቀን እንደቀረሽ ታውቂያለሽ?» ነው ያሉኝ። ጆሮሽ እንዴት ሆነ ያለኝ ሰው የለም። ዛሬም ስልክ የማነሣው በቀኝ ጆሮዬ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ የቤተሰብ ወጪሽን ስታሰይ በመነሻ ደሞዙ አስይው። ለእናት የሚላከው፣ ለወንድም የትምህርት ቤት፣ ዕቁብም ካለ ዕቁቡ፣ ሁሉም በመነሻው ይቻል። የበረራው ክፍያ ለቁጠባ ይሁን። እኔ ይህን የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ሁለት ዓመት ቀድሜ ሰው እሆን ነበር።

ሕጉንም እወቂው። የኤምሬቶች የሥራ ሕግ የሕመም ፈቃድ በዓመት እስከ 90 ቀን ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ 30 ቀን ግማሽ፣ የቀሩት 45 ያለ ክፍያ ናቸው። ያልበረርሽበት የበረራ ክፍያ ግን አይመጣም። ሥራ ስትለቂ የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያም ሕጉ የሚያሰላው በመነሻ ደሞዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን ነው። በ4,430 ብናሰላው አምስት ዓመት ሠርተሽ ወደ 15,500 ድርሃም ይመጣል። በወር አሥር ሺህ ስታገኝ የኖረች ልጅ ይህን ስታይ ትደነግጣለች። ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ ደግሞ ሥራ ለሚያጡ ሰዎች ኢንሹራንስ አለ። መነሻ ደሞዙ እስከ 16,000 ለሆነ ሰው መዋጮው በወር 5 ድርሃም ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ከከፈልሽ በኋላ፣ ያለ ጥፋትሽ ከሥራ ብትቀነሺ፣ የመነሻውን 60 በመቶ እስከ ሦስት ወር ታገኛለሽ። እንዳታቋርጪው።

እንቅልፍ። ይህ ከገንዘቡም በላይ ሰውነትሽ ውስጥ የሚገባ ነው። የአቪዬሽን ሰዓት ዙሉ ይባላል፣ የግሪንዊች ሰዓት ነው። ዙሉ 22:40 ማለት ዱባይ ላይ ከሌሊቱ 8:40 ነው፣ እናትሽ ዘንድ 7:40። ዛሬ በዚህ ሰዓት ተነሥተሽ ወደ ምሥራቅ ትበሪያለሽ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ምዕራብ። ዱባይ ኦክላንድ፣ ዶሃ ኦክላንድ የሚባሉ በረራዎች አሉ፤ ሲመለሱ ወደ አሥራ ሰባት ሰዓት ናቸው። ረጅም በረራ ላይ አልጋ አለ፣ በየተራ ተኝተሽ ትነሻለሽ። እኔን የሚገድለኝ ግን ረጅሙ አልነበረም። በተከታታይ የሚመጣው የሌሊት ደርሶ መልስ ነው። ሆቴል የለው፣ ዕረፍት የለው፤ ሄዶ መመለስ ብቻ። የወር አበባዬ ለአራት ወር የተዛባው እንደዚህ ያለ ሮስተር (የወሩ የበረራ ፕሮግራም) የወጣልኝ ጊዜ ነው። ለእናቴ ስደውል «ድምፅሽ ተኝቷል» ትለኝ ነበር።

ጥቁር መጋረጃ ግዢ፣ ገና የመጀመሪያውን ደሞዝ ስትቀበዪ። ምግብሽን ይዘሽ ግቢ። እኔ በጾም ወራት ሽሮ በእንጀራ ጠቅልዬ እይዝ ነበር፤ ጋሊ ውስጥ፣ የአውሮፕላኑ ኩሽና ማለት ነው፣ ቆሜ ስበላ የፊሊፒንሷ ጓደኛዬ እጇን ትዘረጋለች።

ቤቱ ጥሩ ነው። ንጹሕ ነው፣ የራስሽ መኝታ ክፍል ሊኖርሽ ይችላል፣ ሳሎንና ኩሽና ከሌሎች ጋር ትጋሪያለሽ። ነገር ግን የድርጅቱ ቤት ነው። እኔ የነበርኩበት በር ላይ ጥበቃ መግቢያና መውጫ ይመዘግባል፣ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው። ወንድሜ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሆቴል ነው ያደረው። ዋናው ነገር ግን ሥራው ሲያልቅ ቤቱም የመኖሪያ ፈቃዱም አብረው ማለቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ የገልፍ አየር መንገዶች ሠራተኛ በሺዎች ቀንሰዋል። እኛ ፎቅ ላይ ያለች ልጅ ማቀዝቀዣዋን፣ ምጣዷን፣ የክረምት ኮቷን ሳይቀር ኮሪደር ላይ አውጥታ «ውሰዱ» ስትለን አስታውሳለሁ። የሰባት ዓመት ኑሮዋን በሁለት ሻንጣ ከትታ ሄደች።

ማኅበር አለ ወይ ብላ የጠየቀች ነበረች። ኤምሬቶች ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋምም የሥራ ማቆም አድማም አይፈቀድም። ኳታርም ለውጭ ዜጋ ማኅበር አይፈቅድም። ባሕሬን ትፈቅዳለች። እንዲያም ሆኖ ዝም ማለት ብቻ አይደለም የቀረው። የዓለም የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆኖ የኳታር ኤርዌይስን ጉዳይ ወደ ዓለም የሥራ ድርጅት ወስዶት ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2015 ድርጅቱ ውሳኔ ሰጠ። ሴት ሠራተኛ ብታረግዝ ከሥራ የማሰናበቱ ውል፣ አባት ወንድም ወይም ባል ያልሆነ ወንድ ወደ ሥራ እንዳያደርሳት የሚከለክለው ደንብ፣ አድልዎ ናቸው አለ። በዚያው ዓመት አየር መንገዱ የጋብቻና የእርግዝና ደንቡን አላላ። ማንነታቸው ያልተነገረ ሴቶች አፍ አውጥተው ስለተናገሩ ነው ይህ የሆነው። እኔ ለእነሱ ትልቅ አክብሮት አለኝ። አንቺም ውልሽ ላይ ስለ ጋብቻና ስለ ወሊድ የተጻፈውን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

አሁን ወደ «ሻይ ቡና» ልመለስ። ወንድሜ፣ በክፉ አይደለም ያልከው፣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2016 ከሕንድ የመጣ የኤሚሬትስ አውሮፕላን ዱባይ ሲያርፍ ተከስክሶ በእሳት ተያያዘ። 300 ሰው ነበር ውስጡ። ሦስት መቶውም በሕይወት ወጡ። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ሕይወቱን አጣ። ጭስ ውስጥ ቆመው፣ ሻንጣውን ለመውሰድ የሚታገለውን እየጮኹ ያስወጡት ሆስተሶቹ ናቸው። ሥልጠናው ሳምንታት የሚፈጀው ለዚህ ነው። እሳት ማጥፋት፣ ልብ ማስነሣት፣ ማዋለድ ሳይቀር እንማራለን። ሻይ የምናቀርበው ያ ቀን ሳይመጣ ሲቀር ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ ማንም የማይነግርሽን። አዲስ አበባ በረራ ሲደርስሽ ማስታወቂያውን በአማርኛ የምታነቢው አንቺ ትሆኛለሽ። ካቢኑ ግማሹ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። አንዴ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ቀበቶውን ከጎረቤቷ ጋር አያይዛ ልታስር ስትታገል አየኋት። ጎንበስ ብዬ አሰርኩላት። ፓስፖርቷና ወረቀቷ በፌስታል ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ነው። «ሐበሻ ነሽ?» አለችኝ። አዎ ስላት እጄን ያዘችና አልለቅም አለች። «እህቴ፣ ስወርድ ማነው የሚቀበለኝ?» አለች። ማን እንደሚቀበላት አላውቅም ነበር። አሠሪዋ እስኪመጣ ከሰው እንዳትለይ፣ የውሏን ቅጂ ለማንም እንዳትሰጥ፣ የእናቷን ስልክ በቃሏ እንድትይዝ ነገርኳት። ስልኩን ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። በር ላይ ስሸኛት ቀና ብላ አላየችኝም። ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። እዚያ ወንበር ላይ የሷን ቋንቋ የሚናገር ሰው መኖሩ ጥቅም አለው፣ ለዚህ ብቻ ብትሄጂ እንኳ አልቃወምሽም።

ለሌሎቻችሁ፣ ገና ለምታስቡ፦ እነዚህ አየር መንገዶች ለቅጥር ገንዘብ አይቀበሉም። ማመልከቻ የሚገባው በራሳቸው ድረ ገጽ ነው። የኤምሬቶች ሕግም የቅጥር ወጪ ከሠራተኛ ላይ እንዳይወሰድ ይከለክላል። «አስገባሻለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ሌባ ነው፣ ዘመድም ቢሆን።

እህቴ፣ እኔ ብሆን እሄዳለሁ። ሦስት ዓመት ብዬ ወስኜ፣ ቀኑን ጽፌ። ከባንኩ በሰላም፣ የሥራ ልምድ ወረቀቴን ይዤ እወጣለሁ። ለስድስት ወር የሚያኖረኝን ብር እስካጠራቅም ድረስ ለማንም ስልክና ሽቶ አልገዛም። ውሉ ሲላክልሽ መነሻ ደሞዙ፣ የሕመም ፈቃዱና ሥራ መልቀቂያው የተጻፈባቸውን ገጾች በውስጥ ላኪልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ስትተኛ ስልክ ላይ እንገናኝና መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን።