«ጨው የፈራ ቤቱ ይብላ» መልስ ነው እንዴ?

የማታ ፈረቃ፦ ዛሬ ምሳ ያዘዝኩት ሾርባ ጨው ብቻ ነበር። ሁለት ማንኪያ ቀምሼ ተውኩት። አስተናጋጁን ቀስ ብዬ «ጨው የቀነሰ ነገር አላችሁ?» አልኩት። ባለቤቱ ከባንኮኒው ኋላ ሰምቶ «ጨው የፈራ ቤቱ ይብላ» አለኝ፤ ያውም ሰው ፊት። ግፊት አለብኝ። በሳምንት ስድስት ቀን ውጭ ነው የምበላው። ይሄ መልስ ነው?

ባለድስት፦ አነጋገሩ ነውር ነው። ግን ሰውየው ያልዋሸው ነገር አለ። እኔ ወጥ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ሾርባው የተጣደው ጠዋት ነው። ሥጋው በጨው የታሸው ማታ ነው። አንቺ ስታዢ ምኑን ልቀንስልሽ? አልጫ አድርጌ ባወጣው ደግሞ ሳህኑ ተመልሶ ይመጣል፤ የምወቀሰውም እኔ ነኝ።

የማታ ፈረቃ፦ «ያልዋሸው ነገር አለ» ማለት ምን ማለት ነው? መቀነስ አይቻልም ቢለኝ እኮ አመስግኜ እወጣ ነበር። እሱ ያለኝ ቤትሽ ብዪ ነው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እየተባልን ነው ያደግነው። ጨው የሌለው ምግብ ምግብ አይባልም። ሰውነትም ያለ ጨው አይሠራም። ምግብ ቤት የሚያበስለው ለብዙኃኑ ነው። የታመመ ቤቱ ይብላ ቢባል ምኑ ነው ስድቡ?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ሰውነት ጨው ይፈልጋል ያሉት ልክ ነው። ነገሩ መጠኑ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ብቻ ሲቆጠር ከ2,000 ሚሊግራም በታች መሆኑ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት የዓለም ሕዝብ አማካይ 10.8 ግራም ግድም ነው። ከእጥፍ በላይ! ስለዚህ «ብዙኃኑ» ያሉት ራሱ አልፎ ሄዷል። ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚበላው ስንቱ ነው?

ሂሳብ ከፋይ፦ ታዲያ ምን ይደረግ? ባለቤቱ ገንዘቡን አፍስሶ የከፈተው ቤት ነው። ካልጣመሽ ሌላ ቤት ሂጂ።

የማታ ፈረቃ፦ አሁን ደግሞ ከ«ቤቱ ይብላ» ወደ «ሌላ ቤት ሂጂ» አደግን። የተከራየሁት ክፍል ምድጃ የለውም። ማታ እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ቤቱ ይብላ የሚለኝ ሰው የትኛውን ቤት አስቦ ነው?

ነርሷ፦ ሂሳብ ከፋይ፣ ሌላ ቤት ሂጂ ለማለትም እኮ መጠኑ መታወቅ አለበት። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸውን ምግብ ቤቶች አስገድዳለች። አንድ ምግብ 2,300 ሚሊግራም ሶዲየም ከደረሰ ሜኑው ላይ የጨው ዕቃ ምልክት ይደረግበታል። ማንም አልተከለከለም። የፈለገ ይበላል፤ አውቆ ነው ግን የሚበላው።

ሂሳብ ከፋይ፦ ምልክት ያየ ሰው ይሸሻል። ለባለቤቱ ያው መከልከል ነው።

ጡረተኛው፦ እኔ መፍትሔ አለኝ። ልጄ የፖታሲየም ጨው፣ ያ በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየም የገባበትን፣ ገዝታልኛለች። ኪሴ ይዤ እዞራለሁ። ሁሉም እንደዚያ ያድርግ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ይሄን እባክዎ ለሁሉም አይምከሩ! ጥቅም አለው። ቻይና ውስጥ ወደ 21,000 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ላይ ስትሮክ ቀንሷል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ፖታሲየሙን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ልብ ላይ አደጋ ያመጣል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም ፖታሲየም ያከማቻሉ። እርስዎስ ሐኪም ጠይቀዋል?

ጡረተኛው፦ ልጄ ተምራለች።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ የጠየቅኩት ሐኪም ነው። ደግሞስ ጨዋማ ሾርባ ላይ ሌላ ጨው ቢጨምሩበት የቱ ጋ ይቀንሳል?

ባለድስት፦ እዚህ ላይ ነርሷ ልክ ናት። የገባ ጨው አይወጣም። ሾርባ በተንተከተከ ቁጥር ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ማጣፈጫ ኩቡም ጨው ነው። ሶያ ሶስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም አለው። የማታ ፈረቃ፣ ከሾርባ ራቂ። እንቁላል ወይም ቀድሞ ያልታሸ ጥብስ እዘዢ፤ እነዚህ ስታዢ ነው የሚሠሩት። ሶሱ ለብቻ ይምጣልኝ በይ፣ ሎሚ ጠይቂ። «ጨው ቀንሱ» ከማለት «ጨው ሳይነካው ይምጣ» ማለት ይሻላል። «ቀንሱ» ሲባል እያንዳንዳችን በየራሳችን እጅ ነው የምንለካው።

የማታ ፈረቃ፦ እግዚአብሔር ይስጥህ። ይሄን እኮ እሱ ቢለኝ ኖሮ ደንበኛው ሆኜ እቀር ነበር።

ሂሳብ ከፋይ፦ እሱ ሐኪም አይደለም።

ባለድስት፦ እኔም አይደለሁም።

ጡረተኛው፦ አሁንም ቤቱ ይብላ ነው የምለው። ነርሷ፣ ያ የፖታሲየሙን ነገር በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።