ሦስት ጊዜ ታጥቦም ቡናማ የሚወጣው የራዲያተር ውሃ

መኪናው የ2004 ቶዮታ ኮሮላ፣ 1.8 ሞተር ነው፤ የምነዳው አዲስ አበባ ነው። ስገዛው ቀዩ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ላይ አረንጓዴ ተጨምሮበት ነበር። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ጣቴን ሳስገባ የቡና አተላ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ይዞ ወጣ።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የታችኛውን ማፍሰሻ ከፈትኩ፤ ሲስተሙ ከሚይዘው 6.5 ሊትር 3 አካባቢ ብቻ ወጣ። ዲስቲልድ ውሃ ሞልቼ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ) እስኪከፍት ሞተሩን አስነሳሁ፤ ሲበርድ ደፋሁት። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ የሚቀረውን የሚያወጣውን ማፍሰሻ ብሎን ግን አልነካሁትም፤ ዝጓል፣ እንዳይሰበር ፈራሁ። ውሃው አሁንም ቡናማ ነው፣ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። የዘይት መለኪያው ንጹህ ነው፤ ዘይትና ውሃ አልተቀላቀሉም።

በውሃ ብቻ መንዳት አልፈልግም። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ዝገትም አይከላከልም። ሲሊኬት የተባለ ኬሚካል የሌለበት ቀይ ኩላንት ገዝቻለሁ፤ ጭቃው ሳይወጣ ብሞላው ግን ይበላሻል።

ራዲያተሩም ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ናቸውና አሲድ እንዳይጎዳቸው ሰግቻለሁ፤ በሲትሪክ አሲድ ልጠበው ወይስ አስቀድሜ የብሎኩን ብሎን ላስፈታ?