የትራፊክ አደጋ ጉዳትን «ከባድ» እና «ቀላል» ብዬ በምን ልለይ?

ተመራቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጥናቴ በትራፊክ አደጋ ጉዳተኞች ላይ ነው። የፖሊስ መዝገቡም የሆስፒታል ካርዱም እጄ ገብቷል፤ ግን አይስማሙም። ፖሊስ «ቀላል» ያለው ሰው ካርዱ ላይ ጣፊያው ተቀዷል። «ከባድ» የተባለው ደግሞ በማግስቱ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሆስፒታል የተኛውን ሁሉ «ከባድ» ብለው ያስኬዳል?

የድንገተኛው ነርስ፦ መተኛትን መለኪያ አታድርጊው። አልጋ ሲጠፋ ከባዱም ቶሎ ይወጣል። ቤቱ ሩቅ የሆነ ደግሞ ትንሽ ጉዳት ይዞ ያድራል። ፖሊስም ቢሆን የሚያየው ከውጭ ነው። የውስጥ መድማት መንገድ ላይ አይታይም።

ኮድ ሰጪ፦ እውነት ነው። እህቴ፣ ለዚህ የሚሆንሽ ኤአይኤስ (AIS) የሚባለው የጉዳት ክብደት ምደባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ለመኪና አደጋ ጥናት ተብሎ ነው። እያንዳንዱን ጉዳት ለብቻው ከ1 እስከ 6 ትሰጪዋለሽ። 1 ቀላል ነው፣ ከ3 ጀምሮ ከባድ፣ 6 የመጨረሻው። ከዚያ የሰውየውን ትልቁን ቁጥር ትይዣለሽ፤ ኤምኤአይኤስ ይባላል። እሱ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ከባድ ጉዳተኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ለከባድ የመንገድ ጉዳት ይህንኑ መስፈርት ይጠቀማል።

አደራ፣ «ሞቷልና 5 ይሁን» እንዳትዪ። የሚለካው ጉዳቱ ነው፣ የሰውየው መጨረሻ አይደለም። ካርዱ «የጭንቅላት ጉዳት» ብሎ ብቻ ካለፈ ደግሞ 9 ስጪው፤ ክብደቱ አልታወቀም ማለት ነው። በግምት አትሙዪ።

ተመራቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ብዙ ቦታ የተጎዳስ? ሁለቱም የጭን አጥንቶቹ የተሰበሩ ሰው አለኝ።

ሐኪሙ፦ ለእሱ አይኤስኤስ (ISS) የሚባል፣ የሰውየውን ጉዳቶች በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልል ነጥብ አለ፤ የሚሰላው ከኤአይኤስ ቁጥሮች ነው። አካል በ6 ክፍል ይመደባል። ክፉኛ ከተጎዱት 3 ክፍሎች የየክፍሉን ትልቅ ቁጥር ወስደሽ፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዝተሽ ትደምሪያለሽ። ደረት 4፣ ጭን 3፣ ፊት 2 ቢሆን 16 + 9 + 4 = 29 ይመጣል። ጣሪያው 75 ነው። አንድም ጉዳት 6 ካገኘ ቀጥታ 75 ይሆናል።

ያንቺ ሰውዬ ጋ ግን ክፍተቱ ይታያል። ሁለቱ ጭኖች አንድ ክፍል ናቸው፤ አንዱ ብቻ ተቆጥሮ 9 ይሆናል። ይሄ እኔን ሁሌም ይከነክነኛል። ሁለት ጭን ሲሰበር የሚፈሰው ደም ብዙ ነው። አዲሱ አይኤስኤስ፣ ኤንአይኤስኤስ (NISS) የሚባለው፣ ግን ክፍል ሳይለይ 3 ከባዶቹን ጉዳቶች ስለሚወስድ 18 ይሰጥሻል። ሁለቱንም አስልተሽ አስቀምጪ።

ዳታ ላይ ያለሁ፦ ካርዶቹ የአይሲዲ-10 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታና የጉዳት ምደባ) ኮድ ካላቸው ጥሩ ነው። በኤስ (S) እና በቲ (T) የሚጀምሩት ጉዳቱን፣ በቪ (V) የሚጀምሩት አደጋውን ይነግሩሻል፤ እግረኛውን ከሞተረኛው በዚያ ትለያለሽ። ወደ ኤአይኤስ የሚቀይሩ ሠንጠረዦችም አሉ። ግን የተወሰኑ ካርዶችን በእጅሽ ኮድ ሰጥተሽ ሳታመሳክሪ አትመኛቸው።

ኮድ ሰጪ፦ አንድ ልጨምር። የተጠቀምሽበትን የኤአይኤስ እትም ጻፊ። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ እና የ2005ቱ ለአንዳንድ ጉዳቶች የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ከቻልሽም ሌላ ሰው ያንቺን ቁጥር ሳያይ የተወሰኑትን ካርዶች ኮድ ያድርግልሽ።