ሾፌር ከመነሳቱ በፊት አልኮል እንዳለበት ትንፋሹን ከርቀት መመርመር፦ የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ስምሪት_ደብረብርሃን፦
መኪኖቻችን ሌሊት 11 ሰዓት ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት ይነሳሉ። ሾፌሩ ያለበት ቦታ ሆኖ ነፍቶ ውጤቱ ከነፎቶው እኛ ስልክ ላይ እንዲገባ ነው የምንፈልገው። ጣርማበርን በጉም የሚወርድን ሰው በግምት መልቀቅ አይቻልም። ርካሹ መሣሪያ ይበቃል? ረዳቱ ቢነፋለትስ?

ፊዩልሴል፦
ርካሹን ተወው ወንድሜ። ርካሾቹ ላይ ያለውን ሴሚኮንዳክተር ሴንሰር የሲጋራ ጭስም፣ አሴቶንም ያስጮኸዋል። ሆዱ ባዶ ሆኖ የቆየ ሰው ትንፋሽ ውስጥ አሴቶን አይጠፋም፤ በሁዳዴ ስንቱን ጾመኛ ሰካራም እንደሚያሰኝ አስበው! ፊዩል ሴል (አልኮሉን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ የሚለካ ሴንሰር) ያለውን ግዙ፣ አሴቶንን አይቆጥርም።
ፎቶው የሚነሳው እየነፋ ሳለ ይሁን። ቀድሞ የሚያነሳ ከሆነ ሾፌሩ ፊቱን አሳይቶ ቱቦውን ለረዳቱ ያቀብላል። ጂፒኤስ ቦታውን እንጂ ሰውየውን አይነግርህም። ኔትወርክ ሲጠፋ ውጤቱን ከነሰዓቱ ይዞ ቆይቶ የሚልክ መሆኑንም ጠይቁ።

ውርጭ፦
ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጋቢና ውስጥ ያደረ መሣሪያ ያስቸግራል፤ ሴንሰሩ ሲበርደው ይዘገያል፣ ቱቦው ውስጥም እርጥበት ይቋጥራል። ሾፌሩ ቤት ያሳድረው፣ እስኪነፋ ድረስም ኪሱ ይያዘው። ከመጨረሻው ጉንጭ በኋላ 15 ደቂቃ ይጠብቅ፤ አፍ ውስጥ የቀረ አረቄ ቁጥሩን ሰማይ ያደርሰዋል። ካስጮኸ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ አስነፉ እንጂ በአንዱ አትፍረዱ።

ስምሪት_ደብረብርሃን፦
"ተኝቼበታለሁ" የሚሉትስ?

ፊዩልሴል፦
በአማካይ በሰዓት 0.015 በመቶ ገደማ ነው አልኮሉ ከደም የሚወጣው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 0.10 የነበረ፣ 11 ሰዓት ላይ 0.025 ይዞ ነው መሪ የሚጨብጠው። ቡናም ቀዝቃዛ ውኃም አያፋጥነውም።

ካሊብሬሽን፦
አንድ የተረሳ አለ። መሣሪያው በየጊዜው ይስተካከላል፣ በየ6 ወሩ ወይም በዓመት፣ እንደ መመሪያው። ማስተካከያው የአልኮል መጠኑ በታወቀ የጋዝ ሲሊንደር ከሆነ ግን ከፍታው ይቆጠር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በባሕር ጠለል 0.08 የሚለው ጋዝ እዚህ 0.057 ገደማ ነው። ባለሙያው ይህን ረስቶ በግድ 0.08 ካስባለው፣ 0.05 ያለበትን ሾፌር 0.07 ይለዋል። ትንፋሹ ራሱ ግን ከፍታ አያዛባውም፣ ስህተቱ ከሲሊንደሩ ነው። በ34 ዲግሪ በሚሞቅ የአልኮል ውኃ ካስተካከላችሁ የከፍታው ሂሳብ አያስፈልግም።