ስሙዝ ጃዝ ወደ ቅዳሜው ምሽት ይግባ ወይስ በር ላይ ይቅር?

አዘጋጁ፣ ደብረ ብርሃን፦ እንደምታውቁት ቅዳሜ ማታ በቡና ቤቴ ጃዝ እየሰማን እንጫወታለን። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት በስሙዝ ጃዝ የታወቀውን የኬኒ ጂን ሶፕራኖ (ቀጭን ድምፅ ያለው) ሳክስፎን ሲከፍት ሁለት ሰዎች ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። ያውም በዚያ ብርድ! በሚቀጥለው ወር ለከተማው ሰው ሁሉ ክፍት የሆነ ምሽት ልናዘጋጅ ነው። ስሙዝ ጃዝ (ለስላሳው፣ ለሬዲዮ የሚመቸው ጃዝ) እና ፊውዥን (ከሮክና ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር የተቀላቀለው ጃዝ) ይግቡ ወይስ አይግቡ? እዚሁ ተከራክራችሁ ይለይልኝ። ዓመት የምትጠቅሱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጉት፤ ባለፈው በዚህም ተጣልተናል።

መምህሩ፣ ደብረ ብርሃን፦ ከወጡት አንዱ እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት ነበርሁ። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ መልሶ የሚያቀርብ ተማሪ መሳቂያ ይሆን ነበር። ጃዝም ለእኔ እንዲያ ነው፤ የታወቀው ዜማ ሰሙ ነው፣ ተጫዋቹ እዚያው ቆሞ የሚዘርፈው ወርቁ ነው። ስሙዝ ጃዝ ወርቁን አስቀርቶ ሰሙን ይሸጣል። በ1987 ሎስ አንጀለስ ውስጥ “ዘ ዌቭ” የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ የተስፋፋውን አሠራር ተመልከቱ። አድማጮች ተሰብስበው ቁራጭ ዜማ ይሰማሉ፣ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ሰው ጣቢያ እንዲቀይር የሚያደርግ ድምፅ ሁሉ ከዝርዝሩ ይወጣል። ማንንም እንዳይቆረቁር ተብሎ የተለካ ነገር ምን ሊነግረኝ ይችላል?

ሹፌሩ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ እኔ ጭነት ይዤ በሌሊት ጣርማ በርን የምወጣ ሰው ነኝ። ጉሙ መንገዱን ሲውጠው፣ ዋሻው ጋ ስደርስ፣ የጆን ኮልትሬንን የሚጮኽ ሳክስፎን ብከፍት ገደል እገባለሁ። ለስላሳው የግሮቨር ዋሽንግተን ሳክስፎን ግን ከጎኔ ተቀምጦ እንደሚያጫውተኝ ረዳት ነው። የማይቆረቁር መሆኑ ለእኔ ነውር አይደለም።

መምህሩ፦ ቡናም ያነቃሃል ልጄ፤ ጃዝ ግን አንለውም።

ነጋዴው፣ መሐል ሜዳ፦ ሁለቱም ቀርተው መሰንቆ ይግባ።

ነርሷ፣ ደብረ ሲና፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት አስራችኋል። የጃዝ መለከት ነፊው ማይልስ ዴቪስ በ1959 “ካይንድ ኦፍ ብሉ” የተባለውን ዝነኛ አልበም ሠርቶ ነበር፤ እድሜ ልኩን ያንኑ እየደገመ መኖር ይችል ነበር። በነሐሴ 1969 ግን የኤሌክትሪክ ፒያኖዎችን፣ ጊታርና ከአንድ በላይ ከበሮ መቺ ሰብስቦ “ቢችስ ብሩ”ን ቀዳ፤ ፕሮዲውሰሩ ቲኦ ማሴሮም ቴፑን እየቆረጠ ገጣጠመው። ያን ጊዜ ማይልስ ለገንዘብ ሲል ሮክ ውስጥ ገባ ያሉት ብዙ ነበሩ። ለገንዘብ ብሎ ቢሆን እንዲያ የሚያስፈራ ነገር ባልሠራ! ፊውዥን ተጨማሪ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ነው። ስሙዝ ደግሞ ቁልቁለቱን መርጧል።

እንዲህ ስል ግን የሚያስቸግረኝ ሰው አለ፦ ጆርጅ ቤንሰን። በ1968 በማይልስ አልበም ላይ ጊታር የተጫወተው እርሱ ነው። በ1976 ደግሞ “ብሪዚን”ን አውጥቶ በአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። እጁ ያው እጅ ነው። ጋሼ፣ ቤንሰንን የትኛው በር ላይ ሊያቆሙት ነው?

መምህሩ፦ ቤንሰን ይግባ። ኬኒ ጂን ግን ከእርሱ ጋር አታስገቡብኝ። ከብዙ ዓመት በፊት የሞተውን የጃዝ ዘፋኝና መለከት ነፊ የሉዊ አርምስትሮንግን ድምፅ በ1999 ወስዶ በላዩ ላይ የራሱን ሳክስፎን የጨመረ ሰው ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን አስነሥቶ አብሮ ፎቶ መነሣት ይመስለኛል።

ነርሷ፦ በዚያ ሥራ ከሁሉ አምርሮ የተቆጣው ማን እንደሆነ ግን ልብ ይበሉ። ፓት ሜቴኒ ነው፤ በፊውዥን ስሙ የሚነሣው ጊታሪስት። ጆሮ ክፍት ማድረግና የመጣውን ሁሉ መዋጥ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

አስጎብኚው፣ አንኮበር፦ ሁላችሁም አሜሪካ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ከደጃችን ልጀምር። አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 የተወለዱት እዚሁ ይፋት ነው። በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ ከዚያም ሽለላን ከፎካሪ አፍ ወስደው በቴነር ሳክስፎን አስጮኹት። ስዊንግ የሚባለው የጃዝ ምት የለበት፣ የብሉዝ መዋቅር የለበት፣ የአሜሪካ ዘፈን የለበት። በመምህራችን ሚዛን ጥብቅ ብንሆን እርሳቸውም ደጅ ይቀሩ ነበር። እርሳቸው ግን ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ በ2006፣ “ዘ ኤክስ” ከተባለ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር አልበም ሠሩ። የይፋት ሽለላ ከፓንክ ጊታር ጋር! ከሥር የተነጠፈ ለስላሳ የኪቦርድ ድምፅ ሲሰማ ጃዝ ሞተ የሚል ሰው ይህን ምን ሊለው ነው?

ሁለተኛ፣ ለስላሳውን ሁሉ “የሆቴል ሙዚቃ” ብላችሁ ባትንቁ ደስ ይለኛል። ዋሊያስ ባንድ ለዓመታት የአዲስ አበባ ሂልተን ባንድ ነበር፤ ሥራው እንግዳ ማስደሰት ነበር። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ ምክንያት እንግዳው እስኪነጋ ከዚያ አይወጣም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዚያ ባንድ ወጥቶ አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ቀዳ፤ ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ያው ካሴት በ2013 በውጭ አገር እንደገና ሲታተም የዓለም መድረክ ተከፈተለት። ካሴቱን ስሙት። ለስላሳ ነው፤ ማንንም አይቆረቁርም። ትዝታና አምባሰል የሚያውቅ ጆሮ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል።

መምህሩ፦ ሽለላውን ስታነሣ ዝም አሰኘኸኝ፤ እናቴ የይፋት ሰው ናት። ፊውዥኑ ይግባ፣ ኃይሉ ይግባ፣ ቤንሰንም ገብቷል። የሶፕራኖው ጉዳይ ግን እንዳለ ነው።

አዘጋጁ፦ አንድ ሐሳብ ልጣል። በቻይና ገበያ አዳራሾች ሊዘጉ ሲሉ የኬኒ ጂን “ጎይንግ ሆም” ይከፍታሉ አሉ፤ ሰዉ ሲሰማው ወደ ቤቱ መሄድ ይጀምራል። እኛም አራት ሰዓት ሲሆን ለመዝጊያ ብንከፍተውስ?

መምህሩ፦ ለመዝጊያ ከሆነ እስማማለሁ።

ሹፌሩ፦ እኔ ወንበር እያነሣሁ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።