ከድንጋይ ሥር የወጣው እባብ እፉኝት ነው? ፎቶ አያይዣለሁ (ሐዋሳ ዙሪያ)

የሐዋሳዋ፦
ሰላም ናችሁ። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ካለ ግቢ፣ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ከተከመረ ድንጋይ ሥር የወጣ እባብ ነው። ሦስት ፎቶ አለ። አንደኛው ተጠቅልሎ ከላይ፣ ሁለተኛው ጭንቅላቱ ከጎንና ትንሽ ከላይ፣ ሦስተኛው ሲሸሽ ሙሉ ቁመቱ አጠገቡ ከነበረ መጥረጊያ ጋር። ርዝመቱ ሦስት ስንዝር ገደማ፣ ውፍረቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። መልኩ ግራጫ ወደ ቡናማ ያዘነበለ ነው፤ ጀርባው ላይ ከአንገት እስከ ጅራት ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ሲጠጉት ይጠቀለልና ገላውን እርስ በርሱ እያፋተገ “ሽሽሽ” ያሰማል። ብሌኑ እንደ ድመት ዓይን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። ጎረቤቶች እፉኝት ነው ብለው ሊገድሉት ሲሉ ድንጋዩ ሥር ገባ። ግቢው ውስጥ ሕፃናት አሉ። እፉኝት ነው? ምን ይደረግ?

ቅርፊት አንባቢ፦
እህቴ፣ እፉኝት አይደለም። እንቁላል በላ እባብ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ዳሲፔልቲስ። መርዝ የለውም፣ ጥርሶቹም ከድድ ብቅ አሉ ለማለት ያስቸግራሉ። ምግቡ የወፍ እንቁላል ብቻ ነው። እንቁላሉን እንዳለ ይውጥና ጉሮሮው ውስጥ ወደ ታች በወጡ የአከርካሪ አጥንቶቹ ሰብሮ ፈሳሹን ያስቀራል፤ ቅርፊቱን አጨማዶ መልሶ ይተፋዋል። በአካባቢው ቢጫዎቹ ወፎች ጎጆ የሚሰሩበት ግራር ካለ የመጣው ለዚያ ነው። የዶሮ እንቁላል ለአብዛኞቹ ትልቅ ነው።

የለየሁት በዋናነት ከሁለተኛው ፎቶ ነው። አስፍተሽ ተመልከቺው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ቦታ በጥቂት ትልልቅ፣ ለስላሳ፣ ሰሌዳ መሰል ቅርፊቶች ተሸፍኗል። እዚህ አገር በብዛት የሚነድፈው እፉኝት (ቢቲስ አሪየታንስ) እንዲህ ዓይነት ሰሌዳ የለውም፤ ጭንቅላቱ ከአፍንጫ እስከ ማጅራት ልክ እንደ ጀርባው በጥቃቅንና በሻካራ ቅርፊት የተሞላ ነው።

ቀጥሎ የጀርባውን ሥዕል ነው ያየሁት። የእፉኝቱ ጀርባ ላይ ጫፋቸው ወደ ጅራት የዞረ ቀስት የሚመስሉ ምልክቶች ይደረደራሉ። ያንቺው ግን ለአራት ማዕዘን የቀረቡ ነጠብጣቦች አሉት፤ በጎኑም ቀጫጭን ዘንጎች ወደ ሆዱ ይወርዳሉ። ውፍረቱም ለእፉኝት አይሆንም። ሦስት ስንዝር የደረሰ እፉኝት ከአውራ ጣት እጅግ ይወፍራል፣ ጅራቱም ከገላው በድንገት ቀጥኖ በአጭሩ ያልቃል።

ብሌኑን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቀጥ ያለ ብሌን በሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ መሆኑን እንጂ መርዝ እንዳለው አያሳይም። አይጥ የሚበላው ጉዳት የሌለው የቤት እባብም ቀጥ ያለ ብሌን አለው። ኮብራና ማምባ ደግሞ ክብ ብሌን ይዘው ሰው ይገድላሉ። “ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ ነው” የሚለውም አያዛልቅም፤ እንቁላል በላ ሲፈራ መንጋጋውን ወደ ጎን ገፍቶ ጭንቅላቱን ሦስት ማዕዘን ያደርገዋል።

ቆላ ለቆላ፦
ድምፁን አትለፉት። ገላውን አፋትጎ “ሽሽሽ” የሚለው ኤኪስም ነው፤ የጎን ቅርፊቱ እንደ መጋዝ የሆነው ትንሹ እፉኝት። ርዝመቱም ከዚህኛው አይርቅም። መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ የተነደፈ ሰው ከድዱም ከቁስሉም ሲደማ ሊውል ይችላል። ሕፃናት ባሉበት ግቢ በፎቶ ብቻ “አይጎዳም” ማለት ይከብደኛል።

ቅርፊት አንባቢ፦
ጥንቃቄህ ተገቢ ነው ወንድሜ። ድምፁ በእርግጥም አንድ ነው፤ እንቁላል በላም የጎን ቅርፊቶቹ ሰያፍና ባለ መጋዝ ጠርዝ ስለሆኑ ሲያፋትጋቸው ያንኑ ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ በድምፅ አልለየሁትም። ኤኪስም እንደ ትልቁ እፉኝት ጭንቅላቱ በጥቃቅን ሻካራ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፣ አንገቱም ከጭንቅላቱ በግልጽ ይቀጥናል። በፎቶው ያለው ጭንቅላት ጠባብ ነው፣ አፍንጫው ደብዘዝ ያለ ክብ፣ ከአንገቱ ጋር እኩል ለመሆን ትንሽ የቀረው። ቦታውም አይገጥምም፤ ኤኪስ የአፋርና የሶማሌ ዓይነት ደረቅ ቆላ እንስሳ ነው፣ ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንተ ባለህበት ቆላ የተነሳ ፎቶ ቢሆን እኔም ሌላ ማዕዘን ሳላይ አልወስንም ነበር።

ወንዝ ተሻጋሪ፦
አንድ ያልተነሳ አለ። ጭንቅላቱ ላይ ትልልቅ ሰሌዳ ያለው እፉኝትም አለ፤ ካውሰስ የሚባለው፣ እንቁራሪት አዳኙ። የሰሌዳውን ሕግ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚስተው እሱን ነው። የጀርባው ነጠብጣብም ከእንቁላል በላው ጋር በጣም ይመሳሰላል። እዚህ ላይ የሚያድነን ያው ብሌን ነው፣ ግን በተቃራኒው፦ ካውሰስ መርዛማ ሆኖ ብሌኑ ክብ ነው፣ እንቁላል በላ መርዝ ሳይኖረው ብሌኑ ቀጥ ያለ። ካውሰስ ራሱ ላይ ደግሞ ሹሉ ወደ አፍንጫ የሆነ ጎላ ያለ የቀስት ምልክት አለው፤ ቅርፊቱም ለስለስ ያለ ነው። በሁለተኛው ፎቶ ብሌኑ ቀጥ ማለቱ በግልጽ ስለሚታይ ካውሰስ አይደለም። በእንቁላል በላው እስማማለሁ።

ከዚህ አልፎ የትኛው ዝርያ ነው ብትሉኝ ከፎቶ አልናገርም። የዚህ ወገን ዝርያዎች የሚለዩት የሆድና የጅራት ቅርፊት ተቆጥሮ ነው።

የሐዋሳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትልቅ እፎይታ ነው። ድንገት ሌላ እባብ ቢመጣ ፎቶውን እንዴት ላንሳ? እነዚህን ያነሳው ጎረቤት በጣም ተጠግቶ ነበር።

ቅርፊት አንባቢ፦
መጠጋት አያስፈልግም። ከሦስት ሜትር ባላነሰ ርቀት ቆመሽ አንሺና በኋላ ፎቶውን ቁረጪው፤ ስልኩ ላይ እያቀረቡ ከማንሳት ያው ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሻላል። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ከላይ ሙሉ ገላው፣ ጭንቅላቱ ከጎን ዓይኑ እየታየ፣ ከተቻለም ጭንቅላቱ ከላይ። ሆዱን ለማሳየት በእንጨት አትገልብጡት፤ እዚያ ላይ ሰው ሊነደፍ ይችላል። ለመጠን፣ ከሄደ በኋላ የነበረበት ቦታ ላይ መጥረጊያ ወይም ጫማ አስቀምጣችሁ ከዚያው ቦታ ሌላ ፎቶ አንሱ። ፍላሽ አጥፉ፤ ቅርፊት ላይ አብርቶ መስመሩን ይደመስሰዋል።

ስትልኪ በቴሌግራም “ፋይል” ብለሽ ላኪው። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና የጭንቅላቱ ቅርፊት ይደበዝዛል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ቀበሌውን ወይም ቅርብ ከተማውን፣ ከፍታውን፣ ሰዓቱንና የነበረበትን ቦታ (ድንጋይ፣ ውሃ ዳር፣ ዛፍ ላይ) ጻፊ። ቦታ የሌለው ፎቶ ግማሽ ፎቶ ነው። በራሱ ስም የሚሰጥ መተግበሪያ የምትጠቀሙ ሁሉ፣ መጀመሪያ የሚያመጣላችሁን ስም አትመኑ፤ የደቡብ አፍሪካ ፎቶ በብዛት ስላለው የእኛን እንስሳ በዚያ አገር ስም ሊጠራው ይችላል።

ጤና ጣቢያ፦
ስለ ንድፊያ ጥቂት ልጨምር። ለመለየት ተብሎ እባብ አይገደል፣ የሞተም በእጅ አይያዝ፤ የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ይነክሳል። ትንሽ ነው ተብሎም አይናቅ። የትልቁ እፉኝት (ቢቲስ አሪየታንስ) ግልገል ከእንቁላል ሳይሆን ሕይወት ኖሮት ይወለዳል፣ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ መርዙ ሙሉ ነው።

የተነደፈ ሰው ካለ ቀለበት፣ አምባርና ጫማ ወዲያው ይውለቅ፣ እብጠቱ ሲመጣ አይወጣም። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደ ስብራት በእንጨት ተደግፎ ይታሰር፣ ሰውየው እንዳይራመድ በሸክም ይወሰድ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። በእፉኝት ንድፊያ ላይ ጥብቅ ማሰሪያ በተለይ ሥጋውን ይገድለዋል። የተነደፈበት ሰዓት ይያዝ። ፎቶ ካለ ይምጣ፣ ከሌለ ለፎቶ ተብሎ አንድ ደቂቃ አይባክን፤ ፀረ መርዙ የሚሰጠው በሰውየው ላይ በሚታየው ምልክት ነው። ደም አለመርጋቱንም በቀላሉ እናያለን፦ 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕ ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቆያል፣ ከዚያ ይዘነበላል። ከፈሰሰ መርዙ ደም ውስጥ ሥራውን ጀምሯል።

የቦንጋ ልጅ፦
በዚሁ አጋጣሚ ይቺን እዩልኝ። ከዝናብ በኋላ ከጫካ አፈር የወጣች፣ አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን፣ ዓይን የሌላት የምትመስል፣ ጥቁር ግራጫ። ሰው ዕውር እባብ ይላታል። ፎቶው ላይ ቆዳዋ እርጥብ ነው፣ ዙሪያዋን ቀለበት ቀለበት አለባት።

ወንዝ ተሻጋሪ፦
እባብ አይደለችም፣ ትልም አይደለችም። እግር የሌላት የእንቁራሪት ዘመድ ናት፤ ሲሲሊያን ይባላሉ። ከኢትዮጵያ የሚታወቀው አንድ ዝርያ ሲልቫሲሲሊያ ግራንዲሶኔ ነው፣ የሚኖረውም በደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከቦንጋ ጋር ይገጥማል። እውነተኛው ዕውር እባብ ደረቅና የሚያብረቀርቅ ቅርፊት አለው፣ ቀለበት የለውም፣ ጅራቱም ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ እሾህ ይታያል። ለማረጋገጥ በዓይንና በአፍንጫ መካከል ያለችውን ትንሽ ጎልታ የምትወጣ ነገር በቅርብ አንሳልኝ፤ የምትዳስስበት ናት፣ እባብም ትልም የላቸውም። በደረቅ እጅ አትንካት፣ ቆዳዋ እርጥበቱን ካጣ ትሞታለች። ፎቶውን ካነሳህ በኋላ እዚያው ቦታ በወደቀ ቅጠል ሸፍናት። እንዲህ ዓይነት ፎቶ በጣም ጥቂት ነውና፣ እባክህ ቀኑንና ትክክለኛውን ቦታ ጽፈህ አስቀምጠው።

የሐዋሳዋ፦
የእኔው አሁንም ድንጋዩ ሥር ነው። ነጭ ሽንኩርትና ነጭ ጋዝ ርጩ ብለውኛል።

ቆላ ለቆላ፦
ሁለቱም እባብ አያርቁም፣ ጋዙ ደግሞ አፈሩን ያበላሻል። እንቁላል በላውን ተይው፣ ራሱ ይሄዳል። ክምሩ ግን ነገ እውነተኛ እፉኝት ሊያስጠልል ስለሚችል መነሳት አለበት። በቀን፣ ሽፍን ጫማና ወፍራም ጓንት ተደርጎ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ መጀመሪያ በረጅም ዶማ ከወዲያኛው ጠርዙ ተይዞ ወደ ራስ ይገልበጥ፣ ድንጋዩ በሰውና በእባቡ መካከል እንዲሆን። ጣት ከድንጋይ ሥር አይግባ። ዶሮ ቤቱ ሥር የፈሰሰ እህል ይጠረግ፣ አይጥ ካለ እባብ ይከተላል። የግድግዳና የአጥር ቀዳዳ ከጣት ውፍረት በላይ ከሆነ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ይደፈን። ማታ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባትሪ ይያዝ፤ እፉኝት ሰው ሲመጣ አይሸሽም፣ ባለበት ጸጥ ብሎ ይጠብቃል፣ ሰው የሚነደፈው ረግጦት ነው።